ግሬደር ያለፈበት መንገድ

ስቶክሆልም፣ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

የማይተኛውና የማያንቀላፋው ጠባቂ ቤታችሁን ጠብቆ፣ ይህን ወረቀት በደህና ቀን እንድትከፍቺው ምኞቴ ነው። እንደምን ከርማችኋል? ደጀኔን ክረምት ሲገባ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ዘንድሮስ እንዴት ነው? ፌበን የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? ካለፈች የላክሁላት ቦርሳ የደስታ ነው፣ ካላለፈችም የማጽናኛ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን ሳትጠብቂ ስጫት። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። መቀመጫዬ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። አባባን መጨረሻ ላይ የማነሣቸው ረስቻቸው አይደለም። ደብዳቤው በሙሉ የእሳቸው ስለሆነ ነው።

ግንቦት ማብቂያ ላይ የጻፍሽልኝ ሰኔ አጋማሽ ላይ እጄ ገብቷል። ይኸው ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል። ቁጣሽን ስለማውቀው፣ ይህን እስክትጨርሺ ድረስ ደጀኔ አጠገብሽ ቢቀመጥና ወረቀቱን ከመቀደድ ቢያድነው ጥሩ ነው።

አባባ ከፋሲካ ማግስት መውደቃቸውን፣ ቀኝ እጃቸው መለስ ሲል ምላሳቸው ግን ታስሮ መቅረቱን፣ ሐኪሙም ቃል ይመለስላቸዋል ብሎ ተስፋ እንዳልሰጣችሁ ጽፈሻል። «ይሰማሉ፤ ሰው ይለያሉ። ውኃ ይምጣ ወይ ሲባሉ ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። የምትላቸው ነገር ካለህ ጆሯቸው ሳለ በላቸው፤ ጋሽ ገመዳ ቤት ስልክ ገብቷል» ብለሽ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ይህችን ትንፋሽ ሳብ ማድረግ ያልሻትን እኔ እንደ በሽታ ነው ያነበብኳት። ደረታቸው የታፈነ መስሎኝ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ያለች ነርስ አማከርኩ፤ ትራሳቸውን ከፍ ያድርጉላቸው አለችኝ። እኔም ትራስ ከፍ አድርጉ ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። እንኳን አልጻፍኩት።

ያልደወልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። ያንን ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቄአቸው መልስ አላገኘሁም፤ አሁን ምላሳቸው ከታሰረ በኋላ ደግሜ ብጠይቃቸው ምን ትርጉም አለው እያልኩ ስልኩን አንስቼ እመልሰው ነበር።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ኖረሽዋል። ግን አንድም ቀን ከእኔ አፍ ስላልሰማሽው ልጻፈው። በ1977 ወደ ቡልጋሪያ ለትምህርት ስሄድ፣ ጨርሶ ይመለሳል ብለው በዋስነት የፈረሙት አባባ ናቸው። በ1981 ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገር ቤት የሚመልሰኝን አውሮፕላን ትቼ በባቡርና በመርከብ እዚህ ገባሁ። ወደ ጦር ሜዳ እላካለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የአባባ ፊርማ ትዝ አላለኝም ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል። ትዝ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ጻፍሽልኝ። ሃያ አራት ዓመት የነዱትን ግሬደር ነጥቀው፣ ዱላና ካፖርት ሰጥተው የማሽኖቹ ግቢ ዘበኛ አደረጓቸው። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው የእሳቸውን ግሬደር አስነሥቶ ሲወጣ በሩን የሚከፍቱለት እሳቸው ሆኑ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዲያ ነበሩ። ይህን የጻፍሽበት ወረቀት እስከ ዛሬ ከፓስፖርቴ ጋር ነው ያለው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በጥር 1984፣ ቀጠሮ ይዘን ስልክ ቤት አመጣሻቸው። አባባ በዕድሜያቸው የስልክ እጀታ ይዘው አያውቁም፤ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሳሉ በሬዲዮ እንኳ ሌላ ሰው ነበር የሚነጋገርላቸው። «ሃሎ» በሉ ስትያቸው ይሰማኛል። እሳቸው «ሃሎ» ሳይሆን «ማነው?» አሉ። ስሜን ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝና ዋናውን ብቻ ጠየቅሁ። አባባ፣ ይቅር ብለውኛል ወይ አልኳቸው። ሽቦው ውስጥ ጭር አለ። ደግሜ ጠየቅሁ። አሁንም ጭር። ሦስተኛ አልሞከርኩም። አንቺ እጀታውን ተቀበልሽና «ሰማህ አይደል?» አልሽኝ። «ሰማሁ» አልኩሽ። ትዝ ይልሻል?

የሰማሁት ዝምታቸውን ነበር። በኋላ «አባባ ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ዋሉ፤ ለሁላችንም ዳቦ ገዙልን» ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ እታለም የተቀደደ ሁሉ ትጠግናለች፣ ይህንም እየጠገነችው ነው አልኩ። በየደብዳቤሽ «ልጁ ለምን አይደውልም ይላሉ» ስትይኝም የራስሽ ጭማሪ አስመሰልኩት። አራት ዓመት ተኩል ወደ እናንተ ስልክ አልደወልኩም። አሁን ወደ ብስክሌቱ ልምጣ።

ብስክሌት መንዳት እንደጀመርኩ ነግሬሻለሁ። ከምኖርበት ከሪንከቢ እስከ ኪስታ መሥሪያ ቤቴ ድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ እሱን ለምጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ራቅ ማለት ጀመርኩ። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ እንደ ጤና አይታይም። የቤተ ክርስቲያናችን ጉዞ አስተባባሪ ባርናባስ «ሌላው ሰው መኪና ለመግዛት ይለምናል፣ አንተ እግሬን ቅጣልኝ ብለህ ትለምናለህ» ይለኛል። ዘንድሮ በሴሜስተር፣ ማለት በበጋው ዕረፍት፣ የጉባኤያችን ሳምንት የተያዘው ከስቶክሆልም ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ አንድ ሐይቅ ዳር ባለ ካምፕ ነበር። ብስክሌቴን አውቶብሱ ሆድ ውስጥ ከድስቶቹ ጋር ሳስገባ ባርናባስ አየኝና፣ ድስቶቹ ለሁሉም ናቸው፣ ያ ግን ለማን ነው አለኝ። ለእኔ ነው አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ መዋኘትና እግር ኳስ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ጠየቅሁ። የአንቺ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልደውል ወይስ ልተወው የሚለውን ከሰው መሃል ሆኜ መወሰን አቅቶኛል። ባርናባስ ፊቴን አይቶ ይሁን አላውቅም፣ ሳይቀልድ ፈቀደልኝ።

ከንጋቱ በአንድ ሰዓት ወጣሁ። ሁለት ዳቦ፣ አይብ፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና ካርታ ይዤአለሁ። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር አስፋልት ነበር፤ ከዚያ አስፋልቱ ያለ ምንም ማስታወቂያ አለቀና ኮረኮንች ጀመረ። የስዊድን መንገድ ሁሉ መስታወት ነው ብለው የሚነግሩሽን አትመኚ። እዚያ ጫካ ውስጥ ያለው ፒስታ የነጆ መንገድ ወንድም ነው፤ የሚለየው ቀዩ አፈር ግራጫ መሆኑ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ጥድ ነው፤ ከጥድ በኋላ ረግረግ ነው፤ ከረግረግ በኋላ ደግሞ ጥድ ነው። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ አንድ የፖስታ ሳጥን መንገድ ዳር ቆሟል፤ ባለቤቱም ቤቱም አይታዩም። አራት ሰዓት ስነዳ ያገኘሁት ሕይወት ያለው ነገር አንዲት አጋዘንና ቁጥር የሌለው ትንኝ ነው። ትንኟ በምነዳበት ጊዜ አትደርስብኝም፤ የውስጥ ጎማዬ ተበስቶ ቁጭ ብዬ ስለጥፍ ግን አንገቴን እንደ ገበታ ከበበችው።

መንገዱን የማየው በአባባ ዓይን ነበር፤ ሌላ ዓይን የለኝማ። መሃሉ ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ ካልወረደ ውኃ ይተኛበታል ይሉን አልነበር? ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ያረሰው ተርታ ሞገድ አለ፤ እጄን እስከ ትከሻዬ አደነዘዘው። አንድ ቦታ ላይ ቱቦው በቅጠል ተደፍኖ ውኃው መንገዱን ሊያቋርጥ ሲል ወርጄ በእግሬ ጠረግሁለት። የማንም መንገድ ቢሆን አላስችል አለኝ። «መንገድ የሚሞተው ከላይ አይደለም፣ ከጎኑ ነው» የምትለዋን ቃላቸውን ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ቦይ ሲያስጠርጉ ስንት ጊዜ ሰምተናታል።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ካርታዬ ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። ቆሜ ካርታውን ስገለብጥ ከግራ በኩል ድምፅ መጣ፤ ሳላየው ምን እንደሆነ አወቅሁ። አንቺም ብትሆኚ ታውቂዋለሽ። ምላጩ ጠጠሩን ሲገፋና ሞተሩ ሲያጉረመርም የሚሰማው ድምፅ ከቡልጋሪያም ከስዊድንም ትምህርት በፊት የተማርኩት ነው። ቢጫ ግሬደር ከጫካው ብቅ አለ። ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል። እጄን አነሣሁ፤ አቆመልኝ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

በግራ በኩል ያለውን፣ እሱ የመጣበትን መንገድ፣ እያሳየሁ ወደ ሐይቁ ካምፕ የሚወስደው ይህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌው አየኝ። ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚምግ ሰው፣ ሽው አደረገ። ሌላ ምንም የለም። አልሰማኝም ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩ። አሁንም ሽው። ፊቱ ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑ እኔው ላይ ነው፤ ቃል ግን የለም።

ሰባት ዓመት እዚህ የኖረ ጥቁር ሰው መልስ ሲያጣ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ናቀኝ አልኩ። አፉን መክፈት ከበደው፤ ከእኔ ጋር ከሚነጋገር ከንፈሩን መምጠጥ መረጠ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተናደድኩት በእሱ ብቻ አልነበረም። ጠይቆ ዝምታ ማግኘት ቁስሌ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው፣ ይህስ ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር ብዬ በቀኙ መንገድ ሄድኩ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የቀኙ መንገድ ሰፊ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ስላለበት ወደ ሰው የሚወስድ ይመስላል። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ወሰደኝና የተቆረጠ ግንድ ተራራ አህሎ የተከመረበት ሜዳ ላይ አለቀ። ግንድ ለመጫን የተጠረገ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ረግረግ ብቻ ነው። ዝናቡም ጠብቆኝ ኖሮ እዚያው ጀመረ። ግንዱ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ዳቦ በላሁና ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩ። እዚያ ላይ ወሰንኩ፤ አልደውልም። መልስ የማይሰጥ ሰው ጋ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ። ይህን የምጽፍልሽ ጨርሶ ሳልደውል ለመቅረት ምን ያህል ጥቂት እንደቀረኝ እንድታውቂው ነው።

አሥራ ሰባቱን ኪሎ ሜትር በጭቃ ተመለስኩ። መገንጠያው ላይ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡም አባርቷል። ግሬደሩ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል፤ ሽማግሌው መወጣጫው ላይ ተቀምጦ መክሰሱን ይበላል። አላየሁትም ብዬ ላልፍ ነበር። ጠራኝና ተቀመጥ አለኝ። ስሙ ፎልኬ ነው፤ ግሬደር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ የሚሠራው ሰኞ ግንድ ጫኞቹ ስለሚጀምሩ ነው። ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከዚያ፣ አዎ ብዬህ ሳለ ለምን በዚያ ሄድክ አለኝ። አዎ አላልከኝም፣ ምንም አላልከኝም አልኩት። ሁለት ጊዜ ብዬሃለሁ አለ፤ ከንፈሩንም ሰብሰብ አድርጎ ያችን ሽው አሳየኝ። እዚህ ወደ ሰሜን አዎ ማለት እንዲህ ነው፤ ስቶክሆልሞች ናቸው ለአንድ አዎ አፍ ሙሉ ቃል የሚያወጡት አለኝ።

ሰማሁት እንጂ ገና አልገባኝም ነበር። የሰው አገር ነገር ነው ብዬ ሳቅሁለት፤ በልቤ ግን ከሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በኋላ መንገሩ ነው የቆጨኝ። ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ። እርቦኝ ስለነበር አፌን ሞላሁት። እሱ ከቴርሞሱ ከጫካ ፍሬ የሚሠሩትን ትኩስ ጣፋጭ ሾርባ በኩባያ ቀድቶልኝ ነበር፤ ኩባያው ጎደል ሲል ልጨምርልህ ወይ አለኝ።

እታለም፣ አፌ ሞልቶ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። አገጬን ብድግ አድርጌ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ሳላስበው ነው። እኛ ቤት ሁሉም እንደሚያደርገው፣ አንቺም ይህን ስታነቢ ደጀኔ ሻይ ላምጣልሽ ቢልሽ እንደምታደርጊው። ሽማግሌው ሁለተኛ አልጠየቀም። ቀዳልኝ። ከቀዳልኝ በኋላ ቴርሞሱን እየከደነ፣ እናትህ ከየትኛው የሰሜን መንደር ናት አለኝ፤ እየቀለደ ነበር።

ኩባያውን መወጣጫው ላይ አስቀመጥኩት።

አባባ አዎን በቃል ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አስቤ አስቤ አንድ ጊዜ እንኳ አጣሁ። ካምፕ ሳለን፣ ግሬደሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከታች ሆነን «አባባ እንውጣ?» ብለን ስንጮህ አገጫቸው ብድግ ይላል፣ ትንፋሻቸው ሳብ ይላል፣ እኛም እንወጣለን። እንብላ ስንል፣ ወንዝ እንውረድ ስንል፣ አንቺ ደጀኔን ላግባ ስትዪ፣ ያችው ናት። ሃያ አራት ዓመት ሞተር ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው አዎታው የሚታይ እንጂ የሚሰማ አይደለም። እኛም መስማት አያስፈልገንም ነበር፤ ፊታቸውን እናያለን። ስልክ ቤት ውስጥ ቆመው ሳለ ግን ፊታቸውን የምታዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። «ሰማህ አይደል?» ያልሽኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ «ሰማሁ» አልኩሽ።

ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሁለት ጊዜ መለሱልኝ ማለት ነው። ወይም እንዲያ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ፎልኬ ምን ሆንክ አለኝ። አባቴም ግሬደር ነጂ ነው አልኩት፤ ሌላውን ማስረዳት አልቻልኩም። የት ነው የሚሠራው አለኝ። ወለጋ ብለው አይገባውም ብዬ፣ ቁልቁለትና ዝናብ ባለበት አልኩት። ሽው አለ። ካምፑ ሁለት ሚል ነው፣ ማለት ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔም በዚያው ወደ ቤቴ ነኝ፣ ተከተለኝ አለና ምላጩን አውርዶ ከፊቴ ሄደ። አዲስ የተጠረገ መንገድ ለብስክሌት አይመችም፤ ጠጠሩ ስላልጠቀጠቀ ጎማ ይሰምጣል። ስለዚህ የኋላ ጎማው የረገጠበትን መስመር ይዤ ነዳሁ፤ ልጆች ሳለን ከአባባ ግሬደር ኋላ በባዶ እግራችን እንደምንሮጠው። እየነዳሁ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ከፊቴ ያለው ሰው ወደ ኋላ አያይም ነበር። ካምፑ ስገባ ባርናባስ በሩ ላይ ቆሟል። ጠፍተህ ነበር ወይ አለኝ። ሳብ አደረግሁ። ቃል አልጨመርኩም፤ እሱም ሌላ ቃል አልጠየቀኝም።

ስቶክሆልም ከተመለስን በኋላ ማክሰኞ ለት፣ ዕረፍቴ ሳያልቅ፣ ኪስታ መሥሪያ ቤት ገባሁ። የምሠራውን ሥራ ብዙ ጊዜ ጠይቀሽኝ አንድም ቀን በደንብ አልነገርኩሽም። የስልክ መስመር ድምፅ ነው የምፈትሸው። ከአገር አገር የሚሄደው መስመር ጠባብ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ያለው መሣሪያ ሰው ሲናገር ብቻ ይከፍታል፤ ሰው ዝም ሲል ይዘጋና መንገዱን ለሌላ ይሰጣል። ትንፋሽን እንደ ዝምታ ነው የሚቆጥረው። ይህን አውቅ ነበር። አምስት ዓመት የበላሁት እንጀራ ይኸው ነው፤ ከአባባ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም። መፈተሻው ፊት ተቀምጬ እጀታውን እንደማንኛውም ሰው ጆሮዬ ላይ ያዝኩና አገጬን ብድግ አድርጌ ሳብ አደረግሁ። የድምፅ መለኪያዋ መርፌ ንቅንቅ አላለችም። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ እጀታውን ወደ አፌ አምጥቼ፣ መጀመሪያ በድምፅ አንድ ቃል ተናግሬ ወዲያው ሳብ ሳደርግ፣ መስመሩ በቃሉ ተከፍቶ ሳይዘጋ ትንፋሹ አለፈ። በሌላው እጀታ ሰማሁት። ትንሽ ነች፣ ግን ትሰማለች።

አሁን የምለምንሽን በጥንቃቄ አንብቢ። ዛሬውኑ ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ይህን ጋሽ ገመዳ ሳሎን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እያዳመጠሽ፣ ምኑን አስረድቼሽ ምኑን እተወዋለሁ? ነሐሴ 12 እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እደውላለሁ። አባባን በመኪና አምጫቸው፤ ጋሽ ገመዳ ይህን ያህል አይከለክሉንም። ጋሽ ገመዳንም ሆነ ሌላውን ሰው በዘዴ ከሳሎን አውጪልኝ። ለዘዴ አታንሺም። መጀመሪያ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርጊላቸው፤ ጥያቄዬን ከእኔ ይስሙት፤ አንቺ አትድገሚላቸው። ጠይቄ ስጨርስ «በቃኝ» እልሻለሁ። በዚያች ቅጽበት እጀታውን ከጆሯቸው ወደ አፋቸው አውርጂና አንቺ በላዩ ላይ ጮክ ብለሽ «አባባ» በይ። መስመሩን የሚከፍተው የአንቺ ድምፅ ነው። ከዚያ ዝም በይ። አይዟችሁ አትበይ፣ አትሣቂ፣ አታልቅሺ፤ ምንም ቢያደርጉ አትንገሪኝ።

ይህን ሁሉ ጽፌልሽ እውነቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ያን ቀን ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። ዳቦውንም የገዙት ስለራባችሁ ሊሆን ይችላል። ብዕርሽን አንስተሽ እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር ብለሽ አትጻፊልኝ፤ አንቺ ትጠግኛለሽ፣ እኔም አላምንሽም፣ ሁለታችንም እንጎዳለን። ሳብ ካላደረጉ፣ ዝምታቸው ዝምታ መሆኑን ተቀብዬ እንደ ልጅ እየደወልኩ ድምፄን አሰማቸዋለሁ፤ ይህንንስ አራት ዓመት ተኩል ከልክያቸዋለሁ። ሳብ ካደረጉ ግን እሰማለሁ።

ከዚያ በኋላ እጀታውን ወደ ራስሽ መልሽና፣ ያን ጊዜ እንደጠየቅሽኝ ጠይቂኝ። ሰማህ አይደል በይኝ።

ያሳደገን አምላክ አባባን እስከዚያ እሑድ፣ ከዚያም ወዲያ ለብዙ እሑዶች ያቆይልን። ደጀኔን ጉልበቱን፣ ፌበንን መንገዷን ይባርክላችሁ። ትራሳቸውን እንደነበረ ተዪው።

አዎ ማለትን እንደገና የተማረው
ታናሽ ወንድምሽ